ቀለም የተቆጠበበት መሶብ

ሰው ስለ ቁጠባ ሲያወራ ልብ ብላችሁ ስሙት። በራሱ ነገር የሚቆጥብ አንድ ሰው አታገኙም። ባል በሚስቱ ክር ይቆጥባል፤ ሚስት በባሏ ካልሲ ትቆጥባለች፤ አሠሪ በሠራተኛው ሻይ ላይ ስኳር ይቆጥባል። እኔ በሲጋራየ ቆጥቤ አላውቅም። በእንቅልፌም ቆጥቤ አላውቅም። በሰው ዕቃ ላይ ልቆጥብ ስነሣ ግን የሚስተካከለኝ የለም። የገንዘብ ሚኒስትር ቢያደርጉኝ አገር አበለጽግ ነበር። ደግነቱ ከድንበሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ ያለ መንግሥት እስካሁን አልጠየቀኝም።

ካሴ እባላለሁ። አንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ ሠርቸ እመለሳለሁ ብየ ከመተማ ወደ ገላባት ከተሻገርሁ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ሰሊጡ ሲያልቅ ማሽላ ደረሰ፤ ማሽላው ሲያልቅ ከርከዴ ደረሰ፤ ከዚያ ሚስት ደረሰች፤ መመለሱ እንዲሁ ሲንከባለል ቀረ። አሁን ገዳሪፍ ከተማ አንድ ሐጂ መጋዘን ውስጥ ከርከዴ አበጥራለሁ። ከርከዴ የምላችሁ ያ ሱዳን ሁሉ አፍልቶም አቀዝቅዞም የሚጠጣውን ጎምዛዛ ቀይ አበባ ነው። ስሠራ ውየ ስወጣ ከአንገቴ እስከ እግሬ ቀይ ነኝ፤ የማያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ለፖሊስ ይደውላል።

ሚስቴ ስንዱ ትባላለች። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ቤት ወጥ ትሠራለች። የሰውየው ቤት ሥጋ የማይገባበት ቀን የለም፤ ሚስቴ ደግሞ ጾም የማትጾምበት ጊዜ የለም። ሁለቱ እንዴት ተስማምተው ይኖራሉ ብትሉኝ፣ ጨው ነው የሚጎዳው። በሁዳዴ ስንዱ የሥጋውን ወጥ ሳትቀምስ ነው የምታወጣው። ጨዉን በዓይኗ ትገምታለች። አንድ ቀን በዝቶ፣ አንድ ቀን ጠፍቶ፣ የቤቱ እመቤት ሁለት ወር ሙሉ ትማረራለች። ያም ሆኖ አታባርራትም፤ እንደ ስንዱ ታማኝ ሠራተኛ ከየት ታመጣለች?

ይኸ የስንዱ እንጀራ ግን ከባድ ዕዳ ነበረበት። ገዳሪፍ ውስጥ የኛ አገር ሰዎች የመድኃኔ ዓለም ማኅበር አላቸው። ስንዱ እዚያ ማኅበር ለመግባት ሦስት ዓመት ደጅ ጠናች። እናት አባት፣ ወንድም እኅት በሌለበት አገር ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ብትታመም የሚጠይቃት፣ ብትሞት የሚቀብራት እሱ ነው። ታዲያ በየዓመቱ ስሟ ሲነሣ እትየ ዘርፌ ይነሣሉ። እትየ ዘርፌ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ፣ የማኅበሩ ነባር፣ ምላሳቸውም ከበርበሬያቸው የማይለይ ሴትዮ ናቸው። እኔ ሰው አላማም፣ ይላሉ፤ ይኸን ካሉ በኋላ ማማት ይጀምራሉ። ያች ልጅ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስታማስል ውላ አንዲት ጣቷን ሳትልስ ትቀራለች? እኔ አላምንም ይላሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅና ለከርሞ ይተላለፋል።

ዘንድሮ ግን የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ ተቆጡ። ሰው በሚያበስለው ሳይሆን በሚበላው ነው የሚጠየቀው አሉና፣ ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም ድግሱን ስንዱ ታውጣ፣ ጽዋውንም ያን ዕለት ትቀበል ብለው ቆረጡ። ስንዱ ያን ማታ በደስታ እህል አልቀመሰችም። የማኅበሩን አሮጌ መሶብ ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ አዲስ መሶብ በእጄ ሰፍቸ ይዤ እቀርባለሁ ብላ ተሳለች።

መሶብ ስፌት እንዲህ በቀላል የሚነሡበት ሥራ አይደለም። አክርማ የሚባለው ሣር ከጎንደር በኩል በነጋዴ እጅ ነው የሚመጣ። ወስፌው ነበራት። የጎደላት ቀለም ብቻ ነበር፤ አክርማው ተነክሮ አለላ የሚሆንበት ቀይ ቀለም። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ገንዘብ ፈትታ ሰጠችኝና፣ ካሴ፣ ደህናውን ግዛልኝ፣ ቀይና ነጭ ብቻ ነው የማደርገው፣ ቀዩ እንዳያሳፍረኝ አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቸ እሽ አልሁ። አፍ መሙላት ላይ ቆጥቤ አላውቅም።

ገበያ ሄድሁ። ቀለም ሻጩ ትንሿን ጣሳ አንሥቶ ዋጋውን ሲነግረኝ፣ ከነሱቁ የሸጠልኝ መሰለኝ። ምነው አልሁት። ወላሂ፣ ያ ዘውል፣ አንተ ሰውየ ማለቱ ነው፣ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ ተዘግቶ፣ ከወደብ እስከዚህ እስኪደርስ ስንት እጅ ይቀበለዋል መሰለህ አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን እኔም ገንዘቡ አልጎደለኝም፤ ስንዱ ቀድማ ጠይቃ ልኩን ነበር የሰጠችኝ። ግን እንዲያው ለአንድ ጣሳ ዱቄት ይኸን ያህል? ይኸ እኮ ነገ ወጥ የሚፈስበት ዕቃ ነው! በውስጤ የተኛው የገንዘብ ሚኒስትር ብድግ አለ።

ወደ መጋዘን ስመለስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሥራ ሸሚዜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሲገዛ ነጭ ነበር። ከርከዴው ሁለት ዓመት ሲጠጣበት ቆይቶ ደም የመሰለ ቀይ ሆኗል፤ ቀለሙም ቅንጣት አልለቀቀም። በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ታጠበ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን ወሬ እንቀይር። ብቻ አእምሮየ በራ። ቀለም ላይ ቆሜ ቀለም ስፈልግ ኖሬያለሁ! ሐጂውን የመጋዘኑን ጥራጊ ልውሰድ ወይ ብየ ጠየቅኋቸው። ለፍየል ነው? አሉኝ። አዎ አልሁ። ውሰድ፣ ኸላስ፣ አለቀ አሉኝ።

ስንዱ ሥራ በሄደችበት ቀን ትልቁን የዘይት ቆርቆሮ ጥጄ፣ አንድ ጆንያ ድቃቂ ከርከዴ ገልብጨ፣ ጨው ጨምሬ፣ ለጥንቃቄ ሎሚም ጨምቄ አፈላሁት። ለነጩ የሚበቃውን አስቀርቸ የቀረውን አክርማ እስሩን ፈትቸ ነከርሁት። ሲወጣ እንዴት ያለ ቀይ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ የሱቁ ሰውየ ቢያይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ወደቡ ይመለስ ነበር። በገመድ ላይ ደርድሬ ለገዳሪፍ ፀሐይ ሰጠሁት። የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ ሥራ አታሳድርም።

ስንዱ ማምሻውን መጥታ ገመዱን ስታይ እልል አለች። ቀለሙን ገዝተህ ብቻ ሳይሆን ነክረህ ጠበቅኸኝ? የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ አንዷን አክርማ አፍንጫዋ ድረስ አንሥታ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገር ይሸተኛል አለች። የህንድ ቀለም ነው፣ እነሱ እንደሆኑ ቅመም የማይጨምሩበት ነገር የለም አልኋት። አመነችኝ። ሚስት ባሏን ስታምን ደስ አይልም? እኔን ትንሽ ከበደኝ፤ ለጥቂት ደቂቃ ያህል።

በነጋው ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። የስንዱ ባል ቀለም ነከረላት! ሴቶቹ ባሎቻቸውን በኔ ስም መስደብ ያዙ። አንተ ውኃ እንኳ ቀድተህ ታውቃለህ፣ ያውልህ ካሴ እየተባለ ሰላም የነበረ ቤት ሁሉ ተበጠበጠ። የሰፈሩ ወንዶች ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈጉኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቸ ዞርሁ። ያልገዙትን ቀለም አስመስግኖ እንደ መኖር ምን የሚጣፍጥ ነገር አለ?

ስንዱ ከሥራ መልስ፣ እሑድም ሳይቀር፣ ሰፋች። ወስፌው ጣቶቿን በሳስቶ ጨረሳቸው። አንዳንዴ እጇ ሲያልበው ጣቷ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ ነገር ታይና ይኸ ነገር ይለቃል እንዴ ትለኛለች፤ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል እላታለሁ። ቀለም እንደ በሬ ይለምድ ይመስል! መሶቡ ከነክዳኑ ሲያልቅ ግን ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። ቀይና ነጩ እየተጠማዘዘ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። እትየ ዘርፌ ሳይቀሩ መጥተው ዞረው ዞረው አዩት፤ እንከን ሲያጡ እግሩ ጠበብ አለ ብለው ሄዱ።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። የመጋቢትን ሙቀት ገዳሪፍ ያልኖረ አያውቀውም፤ ዶሮ እንኳ ጥላ ለጥላ ነው የምትሄደው። ስንዱ ከአሠሪዎቿ ቤት አርፍዳ ስለተለቀቀች፣ እንጀራውን ጋግራ የጨረሰችው እንግዶቹ ቤታችን በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው። ነጭ የማሽላ እንጀራ፣ ልስልስ ያለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብርዳ፣ ጨርቅ አንጥፋ ነው የምታኖረው። ያን ዕለት ግን ጊዜም የለ፣ ጨርቁም የመሶቡን ጌጥ እንዳይሸፍንባት ብላ፣ ትኩሱን እንጀራ በባዶው መሶብ ላይ ደርድራ ክዳኑን ገጠመችበት። ትኩስ እንጀራ ሲከደንበት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ያልበዋል።

አባ ኪሮስ ተነሥተው ጸሎት ጀመሩ። እኒህ አባት ብዙ መልካም ነገር አላቸው፤ ጸሎት ማሳጠር ግን አንዱ አይደለም። ሕያዋኑን ጨርሰው ወደ ሙታኑ ገቡ፤ ከሙታኑ ወደ መንገደኞች፤ ከመንገደኞች ወደ ዝናቡ፤ ከዝናቡ ወደ ሰላሙ። እኛ አሜን እያልን፣ እንጀራው ከክዳኑ ሥር እያላበው፣ ላቡ ወደ ላይ እየወጣ እየተመለሰ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ።

በመጨረሻ ስንዱ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በሁለት እጇ፣ በኩራት ክዳኑን አነሣች።

ከክዳኑ ጠርዝ አንዲት ቀይ ጠብታ ጠብ አለች። ነጩ እንጀራ ላይ ወርዳ ተንሰራፋች። ዓይናችንን ስንመልስ የእንጀራው ዳርቻ በሙሉ ቀይ ሆኗል፤ መሐሉም ጠብ ጠብ ብሎበታል። ልክ አሁን የታረደ በግ ያረፈበት ነበር የሚመስለው። ሰው ሁሉ በስመ ሥላሴ ብሎ አማተበ። ከዚያ እትየ ዘርፌ ተነፈሱ።

ደም ነው አሉ። የሥጋ ደም ነው። ከዚያ ከሥጋ ቤት ይዛ እየመጣች ስታስቀምጥበት የከረመችውን መሶብ ነው ለመድኃኔ ዓለም ያቀረበችልን። በሁዳዴ! እኔ ሰው አላማም፣ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስላችሁ ነበር?

ጉድ ፈላ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው፣ ጽዋውን ለስንዱ ሊያስረክቡ አዘጋጅተው የያዙት አዛውንት፣ ቀስ ብለው ጽዋውን ወደ ጀርባቸው አዞሩት። ስንዱ ክዳኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ሥጋ፣ አለች፤ እኔ እኮ ወጡን እንኳ አልቀምስም፣ አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ደህና ባል ይኸን ጊዜ ዘሎ ይነሣል። እኔ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ሌላ መውጫ ፈለግሁ። በቀለም ሻጩ ላይ ላላክክ? ሱቁ ቅርብ ነው፣ ይጠሩታል። በህንዶቹ ላይ ላላክክ? እነሱስ ሩቅ ናቸው፤ ግን አባ ኪሮስ ዝም ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ዝም ብልስ? ዝም ብል ነገ ጧት ስንዱ በዚህ ከተማ ሰው ፊት አትቆምም። ክዳኑን የያዙት ጣቶቿን አየሁ፤ ወስፌ ያልበሳው ጣት አልነበራትም። አፈርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ተነሣሁና ደም አይደለም አልሁ። ከርከዴ ነው። ቀለም አልገዛሁም፤ በመጋዘን ጥራጊ ነው የነከርሁት። እሷ አታውቅም፣ የህንድ ቀለም ነው ብየ ዋሽቻት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ንጹሕ ናት።

ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ማንም አላመነኝም! ይባስ ብለው አመሰገኑኝ። አየ ባል፣ የሚስቱን ነውር በራሱ ላይ አዞረው፣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች። ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ እውነቴን ነው ብል፣ አይ የዋህ፣ አትማልላት አሉኝ። ስዋሽ የኖርሁት ሁሉ ታምኖልኝ፣ እውነት በተናገርሁበት ቀን ምስክር አጣሁ።

ላሳያችሁ ብየ ሳሙናና ውኃ አስመጣሁ። ቀለም ከሆነ ይለቃል፣ ሳሙናው ቀይ ይሆናል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል ብየ ነው። የመሶቡን ጠርዝ በሳሙና ጨርቅ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው፣ ቀዩ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ! ሰማያዊም አረንጓዴም የሆነ፣ የረጋ ኩሬ የመሰለ ነገር። ከርከዴ ሳሙና ሲነካው እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ያን ሸሚዝ አንድ ቀን አጥቤው ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። ሁለት ሴቶች ከነመቀመጫቸው ወደ ኋላ ተሳቡ። መተት ነው የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ሥጋ በልታለች የተባለችው ሚስቴ፣ እኔ ስረዳት ጠንቋይ ልትሆንብኝ ነው!

ይኸን ጊዜ አባ ኪሮስ እጃቸውን አነሡና ሁላችሁም ዝም በሉ አሉ። ወደ መሶቡ ቀረቡ። ከእንጀራው ቀይ ዳርቻ ቁራሽ ቆረሱ። እትየ ዘርፌ ኧረ አባ፣ ኧረ አባ ይላሉ፤ አባ አልሰሟቸውም። አማትበው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና፣ ስኳር አንሶታል አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም እየተነሣ ቁራሽ እየቆረሰ ቀመሰ። እውነትም ከርከዴ! ሎሚ ጨምሮበታል እኮ አሉ አንዱ። ሙሴው ጽዋውን ከጀርባቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ለስንዱ ሰጧት። ጠላ በዚህ አገር ስለማይሆን የኛ ጽዋ ብርዝ ነው፤ ያን ብርዝ ስትጎነጭ ነው እንባዋ የመጣ። ይቅር በይን አሏት አንድ በአንድ። እኔም እፎይ ብየ ከእንጀራው ልቆርስ እጄን ዘረጋሁ።

ስንዱ ጽዋውን ለሙሴው መለሰችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ዞር ብላም አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምጿም ልስልስ ያለ ነበር። ካሴ፣ ታዲያ ያ የቀለሙ ገንዘብ ምን ደረሰ? አለችኝ።

እጄን ከመሶቡ ሰበሰብሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን መልስ አይጠፋኝም፤ ወደቀብኝ እላለሁ፣ ለተቸገረ ሰጠሁት እላለሁ። ግን ጽዋው እዚህ ነው፤ መስቀሉ እዚያ ነው፤ አባ ኪሮስ ጆሯቸውን ቀስረዋል፤ ገና አሁን ደግሞ እውነተኛ ተብያለሁ። ያን ዕለት ከቀለም ሱቁ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ከሰል ላይ ይጠብሱ ነበር። ጢሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ጾም ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሆዴ አልለመደም፤ ኪሴ ሞልቷል። ለሽታ ብቻ ብየ ነው የቀረብሁት። ሁለት ሳህን በላሁ።

ሥጋ በላሁበት አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እትየ ዘርፌ ግን ሰሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ተደላድለው ተቀመጡና፣ እንግዲህ ይኸው፣ መሶቡ የሥጋ ነው አላልኋችሁም? አሉ።